ምሳ ሰዓት የት ነው የምትጠፋው?

ዛሬም ቢሮ ውስጥ ጠየቁኝ። «እዚሁ ነኝ» ብዬ አለፍኩ። ደሴ ሰው ከሰው የማይጠፋፋባት ከተማ ናት። ፒያሳ ላይ ብታነጥስ ሰኞ ገበያ ሰፈር ሆኖ «ይማርህ» የሚልህ አይጠፋም። ስለዚህ ከጦሳ ተራራ ስር፣ ባህር ዛፉ መሃል ያገኘኋትን ድንጋይ ለማንም አልናገርም። ሄጄም ምንም አልሠራም። ስልኬን አጠፋለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ በቃ።

ለቀደሙት መሸሸጊያ ቅንጦት አልነበረም። ህዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ፣ የት እንደሚሸሹ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ከእኛ ወደ ሰሜን ብዙም የማይርቀው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ድሮ ደሴት ነበር፤ ውሃው አጥር ሆኖለት። ያም ሆኖ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አህመድ ጦር ደርሶበታል።

እኔን ያሳደደኝ የለም። የምሸሸው ከባለጉዳይ፣ ከስልክ እና ከ«መቼ ነው የምታገባው?» ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ! ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም ካልጠየቀኝ፣ ከሰዓት በኋላ ለሰው የማሳየው ፊት ይኖረኛል።

ዛሬ ታዲያ ስደርስ አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ድንጋዬ ላይ ተቀምጧል። ደብተሩ እንደተዘጋ ነው። ክላስ ፎርፎ ይሁን ቤት ከፍቶት አልጠየቅኩም። የመሸሸጊያ ሕጉ ይሄ ይመስለኛል፤ አለመጠየቅ። ሰላም ተባባልን፣ እኔ ፈንጠር ብዬ ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልሄድ ስነሳ «ጋሼ፣ ለሰው እንዳይናገሩብኝ» አለኝ።

«አንተም እንዳትናገርብኝ» አልኩት።

ድንጋይዋን ግን ነገ ቀድሜ ነው የምይዛት።