ሰርቭ ላይ ስፒን ማብዛት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ደሴ ውስጥ ጠረጴዛ ቴኒስ የምትጫወቱ፣ በተለይ ሰርቭ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት) ላይ የምትቸገሩ፣ ከክረምቱ ወዲህ የሞከርኩትን ላካፍላችሁ።

ለጊዜው የያዝኩት ባክስፒን ብቻ ነው፤ ኳሷ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች እንድትሄድ ማድረግ ማለት ነው። ስፒኑ ደህና ከሆነ ኳሷ መረቡን አልፋ ከነጠረች በኋላ ወደ ፊት መሄዱን ትተወዋለች። ሲበዛ ደግሞ ወደ መረቡ ትመለሳለች። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም፤ ተጋጣሚም አያስፈልግም። ሰርቭ አድርጎ ኳሷ የምትሆነውን ማየት ነው። ጠረጴዛ የሌለው ሰው የቤት ወለል ላይ ይሞክር፤ ወደ ፊት ልኳት ነጥራ ወደሱ ከተመለሰች ይዞታል።

ጉልበት እዚህ ዋጋ የለውም። ኳሷ 2.7 ግራም ናት። ራኬቱ ፊት ለፊት ከገጫት ትወነጨፋለች እንጂ አትሽከረከርም። የራኬቱ ፊት ላይ ያለው ላስቲክ ኳሷን ከታች በኩል በስሱ ልጦ ነው ማለፍ ያለበት። ድምፁን ስሙት። "ጧ" ካለ እንጨቱ ድረስ ገብታለች። ድምፁ ከሳሳ ላስቲኩ ይዟታል።

ሌላው አያያዝ ነው። እጀታውን ጥርቅም አድርጎ የጨበጠ እጅ አንጓው አይታጠፍም። እኔ ለሰርቭ ሦስቱን ጣቶች አላላና ራኬቱን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት እይዛለሁ። ኳሷን የምነካው ወደ ራኬቱ ጫፍ ነው፤ ከአንጓ የራቀው ክፍል ይፈጥናልና። ደግሞ ወርዳ ወደ መረቡ ቁመት ስትጠጋ ነው የምነካት። ከፍ ብላ ሳለች ከተነካች ወዲያ ማዶ ከፍ ብላ ትነጥራለች፤ ለስማሽ (ከላይ በኃይል ለሚመታ ምት) ግብዣ ነው።

ሰፈር ውስጥ ኳሷን ሳይወረውር ከእጁ ላይ የሚመታ ሞልቷል፤ ማንም አይናገረውም። ደንቡ ግን ከተዘረጋ መዳፍ ላይ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ መወርወር ነው። ከእጅ እየመቱ የለመዱት ስፒን ዳኛ ፊት ሲቆሙ አብሮ አይመጣም። ከመጀመሪያው በደንቡ ልመዱ ባይ ነኝ።

የደሴ ጭጋግም የራሱ ጣጣ አለው። የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ላስቲኩ ላይ እርጥበት ያርፍና ኳሷ ታንሸራትታለች። ያኔ ክንድን መውቀስ ከንቱ ነው። ጨርቅ ይዤ በየመሀሉ እጠርጋለሁ። "ኮምቦልቻ ስወርድ ስፒኔ ይጨምራል" የሚሉ ልጆች አሉ፤ ምክንያቱ የአየሩ ውፍረት ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል አየሩ ወፈር ይላል፤ የምትሽከረከርን ኳስ የሚያጥፋትም አየር ነው። በአጭር ሰርቭ ግን ይሄ ይታያል ብዬ አላምንም። እኔን ብትጠይቁኝ ልዩነቱ የላስቲኩ መድረቅ ነው።

አሁን ወደሚጣፍጠው ልምጣ። ሆጤ አካባቢ አብሮኝ የሚጫወት ልጅ አለ። መጀመሪያ ላይ ሰርቬን ሲመልስ ኳሷ መረብ ውስጥ ትቀር ነበር። ቀስ እያለ ነቃ። ራኬቱን ወደ ላይ ከፈት አድርጎ ከሥር መግፋት ጀመረ፤ ስፒኔም ዋጋ አጣ። እኔም ያንኑ የእጅ እንቅስቃሴ ሳልቀይር ስፒን የሌላት ኳስ ቀላቀልኩበት። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከጫፉ ይልቅ ወደ እጀታው በተጠጋው በኩል ነክቶ ትንሽ መግፋት። እሱ እንደለመደው ራኬቱን ከፍቶ ሲገፋት ኳሷ ቡን ብላ ተነሳች። "አቦ፣ ምን አድርገህባት ነው!" አለኝ። ነጥቧን ግን ወስጃለሁ።

እና የስፒን ሰርቭ ብቻውን ሲደጋገም ይለመዳል። ባዶዋን ኳስ አብራችሁ ካልተለማመዳችሁ ልፋቱ ግማሽ ነው።

ቀጥሎ የጎን ስፒን ልጀምር ነው። ኳሷ ላይ ዙሪያዋን በማርከር መስመር አስምሬያለሁ፤ በየት በኩል እንደምትዞር በዓይን ይለያል። ኮምቦልቻ ጥላ ያለው ጠረጴዛ የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ የላስቲኩን ክርክር እዚያ ወርጄ ላጣራው።