ባሕር ዳር እየሠሩ መራዊና መሸንቲ ቤት መግዛት፦ በ40 ቆርቆሮ ገንዘብ ምን ይገኛል?

የባሕር ዳር ኪራይ ያንገሸገሸው ሠራተኛ ዓይኑን ወደ ዳር ይጥላል፤ በአዲስ አበባ መንገድ ወደ መሸንቲና መራዊ፣ ወይም አባይን ተሻግሮ ወደ ዘንዘልማ። ዋጋውን በብር ብጽፈው በሦስት ወር ያረጅብኛል። ስለዚህ እንደ አገራችን ልማድ በቆርቆሮ እቆጥራለሁ። “የ40 ቆርቆሮ ቤት” ሲባል ጎጃም ያደገ ሰው ስፋቱ ወዲያው ይታየዋል። ለማያውቅ ግን፦ አንዱ ቆርቆሮ 2 ሜትር ርዝመት አለው፤ መደራረቡ ሲቀነስ ከአንድ ካሬ ከሩብ እስከ አንድ ካሬ ተኩል ይሸፍናል። 40 ቆርቆሮ ማለት እንግዲህ ከ50 እስከ 60 ካሬ ጣሪያ ነው። ከግድግዳ የሚወጣው ክፈፍ ሲቀነስ ሦስት ጠበብ ያሉ ክፍሎች ይወጡታል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ጎን ለጎን የቆሙ፣ ስፋታቸውም ግድግዳቸውም አንድ የሆነ ሁለት ቤቶች በዋጋ እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። የሚያራርቃቸው ወረቀት ነው። ግድግዳ በኋላ ይታደሳል፤ ወረቀት ግን መጀመሪያ ካልተገኘ ኋላ በገንዘብ አይመጣም።

ትንሹ ገንዘብ የሚያገኘው ከከተማው ጠርዝ ያለ የገበሬ ቦታ ነው። ደላላው “ሦስት ሽማግሌ ፈርሞበታል፣ ሰው ሁሉ እየሠራ ነው” ይላችኋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ በግልጽ ደንግጓል፤ ስለዚህ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ቢቀርብ አያቆማችሁም። ከተማው ሰፍቶ ቦታው ሲወሰድ ካሳው የሚሄደው የገጠር መሬት ደብተሩ ላይ ስሙ ወዳለው ገበሬ ነው፤ የጨረቃ ቤታችሁ ደግሞ በግሬደር ይገፋል። የቀበሌ ቤት “ቁልፍ መግዛት”ም ያው ነው፤ ተከራይ የኪራይ ቤት አይሸጥም። በዚህ ገንዘብ ቤት ከመግዛት መቆጠብን እመክራለሁ፣ አጥብቄ።

ቀጣዩ ባለ ካርታ የጭቃ ቤት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ነባር ይዞታ (ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ)፣ ከ30 እስከ 50 ቆርቆሮ። ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚቀርበው እሱ ነው፣ እኔም የምወደው ይህንኑ ነው። መራዊ ዙሪያ፣ ሜጫ ምድር፣ ባሕር ዛፍ እንደ ልብ ስለሆነ ቋሚና ማገር መለወጥ ብዙ አይከብድም። ዋናው ምርመራ ከሥር ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። ከበር ጀርባና ከአልጋው ራስጌ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ልስኑን ትንሽ ፋቅ አድርጋችሁ ቋሚውን ውጉት። ጫፉ ነክሶ ከቆመ እንጨቱ ጤነኛ ነው። እንደ ዳቦ ከሰመጠ በስብሷል። ቡናማ የአፈር መስመር በግድግዳው ላይ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ ምስጥ ነው፤ ያኔ ኮርኒሱንም አንሥታችሁ ሞራሌውን እዩ። የበሰበሰ ቋሚ ተቆርጦ ከሥሩ የድንጋይ ግንብ ይገባለታል፤ ሥራው ቀላል ሆኖ ሳለ ዳግም ምርጉ ነው ጉልበትና ጊዜ የሚበላው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሳምንት ያህል ካልሰነበተ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ልስኑም ይራገፋል። ቆርቆሮውን በጌጅ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፣ 28 ከ32 ይሻላል።

ቤት የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በመጋቢት ደርቆ ያየነው ግቢ በነሐሴ ረግረግ ሊሆን ይችላል፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድም ውሃ ያነሳል። በበጋ ለመግዛት የተገደደ ሰው ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቅ፦ “እማማ፣ በነሐሴ ጉድጓዳችሁ ስንት ክንድ ድረስ ይሞላል?” ግድግዳው ላይ ከወለሉ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሄደ ቡኒ ቀለበት ካለ ጥያቄም አያስፈልግም፤ ውሃው እዚያ ድረስ ደርሷል።

ገንዘቡ ከፍ ሲል ብሎኬት ይመጣል፤ ከ60 እስከ 80 ቆርቆሮ፣ ሴራሚክ ወይም ሊሾ ወለል። እዚህ ላይ የተሠራ መግዛት ወይስ መሥራት የሚለውን ለመወሰን ሒሳቡን እወቁ። 10 በ8 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 36 ሜትር ነው፤ በ3 ሜትር ቁመት 108 ካሬ ግድግዳ። የውስጥ ግድግዳው 20 ሜትር ቢሆን 60 ካሬ ይጨመራል። ለበርና መስኮት 25 ካሬ ያህል ቀንሱ፤ 143 ካሬ ይቀራል። ለአንድ ካሬ 13 ብሎኬት ያዙ፤ ከ1,850 በላይ ነው፣ የሚሰበረው ሲታሰብ 2,000። ይህን በሰፈሩ የብሎኬት ዋጋ አባዙና ሻጩ ከሚጠራው ጋር አስተያዩት፤ ግድግዳው ከጠቅላላው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታያላችሁ። ብሩ የሚያልቀው መሠረት፣ ፌሮና ጣሪያ ላይ ነው።

መሠረቱ በተለይ። ቀይ አፈር ላይ የቆመ ቤት ብዙ አያስቸግርም። ዋልካ ከሆነ ግን ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል ያወርደዋል። ምልክቱ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ ነው። ልስን ላይ ብቻ ያለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አያሳስብ፤ ሳንቲም የሚያስገባው ግን ያሳስባል። አዲስ ለሚሠራ፦ ዋልካው እስኪያልቅ ወይም ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ቆፍሮ፣ በገረጋንቲ በየንብርብሩ እየጠቀጠቁ መሙላት። ይህን የዘለለ ሰው ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ይከፍላል።

በመሃል “መሠረት የወጣለት የሊዝ ቦታ” የሚባል አለ፤ ርካሽ ይመስላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚያስተላልፍ ሰው የሚያገኘውን ገድቦታል፤ የከፈለው ሊዝ ከነወለዱ፣ የግንባታው ወጪ፣ ከዝውውሩ የሊዝ ዋጋ ደግሞ 5 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ሻጩ ከዚያ በላይ ከፈለገ በጓሮ ውክልና ይሰጣችኋል፤ ውክልና ደግሞ ሰጪው ሲሞት ወይም ሲሽረው ይቀራል። ካርታው በግል ስም ያልወጣ የማኅበር ቦታም እንዲሁ ነው። ነባር ይዞታ የሚገዛም ይወቅ፦ በዚያው አዋጅ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ መሬቱ ወደ ሊዝ ይገባል፤ የሊዙን ክፍያ ከቤቱ ዋጋ ላይ ደምራችሁ ተደራደሩ።

ወረቀቱን እንዲህ አድርጉ። ካርታውን ይዛችሁ ግቢውን በሜትር ለኩ፤ ካርታው 200 ካሬ ብሎ አጥሩ 230 ቢይዝ 30ው የመንገድ ወይም የጎረቤት ነው። ማዘጋጃ ቤት ዕዳና እገዳ አስጣሩ። የባል ስም ብቻ ካርታው ላይ ቢኖርም ሚስት ትፈርም፤ ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። የወረሱት ቤት ከሆነ ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ። ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ሽያጩ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት መመዝገብ አለበት፤ ቁጥር 1723 የሚለው ይህንን ነው። “ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ” ከተባላችሁ እንቢ በሉ። ውሉ ቢፈርስ የሚመለስላችሁ የተጻፈው ነው። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ የሻጭ ግብርና የደላላ ኮሚሽን በማን እንደሚወድቁ ከቀብድ በፊት ተነጋገሩ፤ ሻጭ “ንጹህ እጄ ላይ ይግባ” ካለ ሁሉም እናንተ ላይ መጣ ማለት ነው። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነም እዩ፤ ከጎረቤት በተሳበ መስመር መብራት የሚያበሩ ግቢዎች ብዙ ናቸው።

ከዚያ መንገዱ። መራዊ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሸንቲ ከመሃል ትገኛለች። በወር 22 የሥራ ቀን 44 ጉዞ ነው፤ መናኸሪያ ድረስ ባጃጅ ካላችሁ ሌላ 44፣ ባሕር ዳር ወርዳችሁ ታክሲ ከያዛችሁም እንዲሁ። ድምሩን ከምትከፍሉት ኪራይ አስተያዩ። ሚኒባስ ሞልቶ ነው የሚነሣው፤ 2 ሰዓት ተኩል ሥራ የሚገባ ሰው 12 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ቢገኝ ይሻለዋል። ማታም ከ12 ሰዓት በኋላ ይሳሳል። መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስላለ ከተማ ውስጥ የምታድሩበት ዘመድ ቤት ከወዲሁ ይኑራችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በመደበኛው ሰዓት ተመላለሱበት፤ ቢቻል በክረምት።