የካራቫን ጎማ መቆለፊያ፦ እስካሁን የደረስኩበት

እዚህ እንግሊዝ አገር ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ያላችሁ ወገኖች፣ የብርዱን ወራት መቆለፊያ ሳገላብጥና ደጅ ላይ ስሞክር ነው ያሳለፍኩት። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ካራቫን ሞተር የለውም፣ የሚነሳበትም ቁልፍ የለውም። መጎተቻ ያለው መኪና በኋላው ከተጠጋለት በደቂቃዎች ውስጥ ይዞት ይሄዳል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የመጎተቻውን ራስ መቆለፊያ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ሌባ በሰንሰለት አስሮም ሊጎትት ይችላል። ጎማው አልዞር ሲለው ግን ይቸገራል።

የጎማ መቆለፊያ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጎማውን ከውጭ የሚያቅፈው ነው። ብዙ ዓይነት ጎማ ላይ ይገባል፣ ዋጋውም ይቀላል። ስትገዙ ግን የጎማውን ብሎኖች መሸፈኑን እዩ። ካልሸፈነ ሌባው ጎማውን ፈቶ የራሱን ይገጥምና ይሄዳል። ላላ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ጎማውን አስተንፍሶ ሊያወልቀው ይችላል።

ሁለተኛው በቸርኬው ክፍተት አልፎ ከጀርባ ከካራቫኑ አካል ጋር የሚታሰረው ነው። በሰፊው የሚታወቀው የጀርመኑ አልኮ ኩባንያ የሚሠራው አልኮ ሴኪዩር ነው። እኔም የመረጥኩት እሱን ነው። ምክንያቴ አጭር ነው፦ ጎማውን ብቻ አይዝም፣ ጎማውን ከካራቫኑ ጋር አንድ ያደርገዋል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ባትሪ ይዛችሁ በቸርኬው ክፍተት ወደ ውስጥ አብሩ። ከጀርባ ጥርስ ያለው፣ ብሎን የሚቀበል የብረት ቀዳዳ ሊታያችሁ ይገባል። ከሌለ ይህ መቆለፊያ እንዲሁ አይገጠምም። ካለ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ የቸርኬው ቅርጽና የጎማው ልክ ነው። በክፍተቱ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ ብረት በቸርኬና በጎማ ልክ የተለያየ ነው። የሰው ተውሳችሁ አይሆንም። ቸርኬ የቀየረ ሰውም እንደ አዲስ ማረጋገጥ አለበት።

ደረጃውንም እዩ። ሶልድ ሴኪዩር የሚባል የእንግሊዝ ተቋም መቆለፊያዎችን በመሣሪያ እየሰበረ ይፈትናል፤ ከነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ ብሎ እስከ አልማዝ ደረጃ ይሰጣል። ኢንሹራንሳችሁ የትኛውን እንደሚጠይቅ ውሉ ላይ አንብቡ። መቆለፊያው ሳይታሰር ለጠፋ ካራቫን አንከፍልም የሚሉ አሉ። ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ተገጥሞ ሳለም ፎቶ አንሱት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ክፍተቱና የኋላው ቀዳዳ ፊት ለፊት ካልተያዩ ብሎኑ አይገባም። ጎማው ደግሞ ደስ ባለው ቦታ ነው የሚቆመው። መጀመሪያ ሰሞን በክሪክ አነሳው ነበር። ጎማው እንዲዞር የካራቫኑ የእጅ ፍሬን መለቀቅ አለበት፤ ስለዚህ ካራቫኑ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ፣ የመኪናው ፍሬን ተይዞ፣ ወዲያኛው ጎማ በፊትም በኋላም ታኮ ተደርጎለት፣ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ነው የሚሠራው። ክሪኩ የሚገባው አምራቹ ባዘጋጀለት ቦታ ነው። በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች እንዳይወዛወዝ ለመደገፍ እንጂ ለማንሳት አልተሠሩም። ይጎብጣሉ። ሥሩ መግባትማ ጭራሽ አይታሰብም።

ጎማው ከመሬት ትንሽ ከፍ ካለ በእጅ በቀስታ ይዞራል። ክፍተቱ ከቀዳዳው ጋር ሲገጥም ቁራጩን አስገቡ፤ ብሎኑን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አዙሩት። በእጅ ከገባ መስመሩን ይዟል ማለት ነው። ከታገላችሁ አውጡት፣ ጎማውን ትንሽ አንቀሳቅሱና እንደገና ሞክሩ። በመፍቻ ካስገደዳችሁት ጥርሱ ይበላሻል። ከጠበቀ በኋላ መቆለፊያውን ገፍታችሁ አስገቡ፣ ቁልፉን አውጡ፣ ይዛችሁ ጎትቱት። ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ዘንድሮ ሥራውን ያቀለለልኝ ግን ነጭ ቀለም ነው። ልኩ ሲገጥም ጎማው ጎን ላይ፣ ከላይ አናቱ ጋ አጭር መስመር አሰመርኩ። አሁን ካራቫኑን ስመልስ ባለቤቴ መስመሩን እያየች ቁም ትለኛለች። ክሪኩ ከመኪናው የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ብሎኑን ግራሶ ቀቡት። ቁልፉ የሚገባበት ላይ ግን ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል። ቆሞ የሚከርም ከሆነ በየጊዜው ክፈቱት፣ ዝገት እንዳይቀድማችሁ። ትርፉን ቁልፍ ካራቫኑ ውስጥ አታስቀምጡ። ከመነሳታችሁ በፊትም መቆለፊያውን መፍታታችሁን ዞራችሁ እዩ፤ በመቆለፊያ የተጎተተ ጎማ ቸርኬውንም ፍሬኑንም ይጎዳል።

ቀጣዩ ሥራዬ የጓደኛዬ ካራቫን ነው። በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ያለው ነው፣ ኢንሹራንሱም ለሁለቱም መቆለፊያ ጠይቆታል። ሁለቱ ጎማዎች ቦታቸውን አንድ ላይ ስለማይገጥሙ የኔ የቀለም መስመር ብቻውን አይበቃም፤ አንዱን በመስመር፣ ሌላውን በክሪክ ልንሞክር ነው። እንዲህ ዓይነት ካራቫን ያላችሁ የትኛውን ጎማ ቀድማችሁ እንደምትገጥሙ ብትነግሩኝ ይጠቅመናል።