በ«ኢን» የሚጀምሩት

ቱሉ ዲምቱ፣ ቅዳሜ ማታ

ከፍጥነት መንገዱ ወጥቶ ወደ ከተማ የሚገባ የነዳጅ ቦቴ ኋላው ላይ «ፍላመብል» የሚል ቃል ይነበባል። በቀላሉ እሳት ይይዛል ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ለገለጠ ሰው ደግሞ «ኢንፍላመብል» የሚባል ሌላ ቃል አለ። ፍቺው? ያው፣ በቀላሉ እሳት ይይዛል። «ኢን ማለት አይደለም ማለት ነው» ብሎ የሸመደደ ተማሪ ግን ሁለተኛውን ቃል እሳት የማይነካው አድርጎ ይፈታዋል። እንዲህ የተሳሳተው እሱ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ «ፍላመብል» የሚለው ይጻፍ እያለ መወትወት የጀመረው፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው «ኢን»ን እንደ አሉታ እያነበቡ አደጋ ላይ እንዳይወድቁ ፈርቶ ነው። እሳት የማይዘውን ለመግለጽ «ኖንፍላመብል» ይባላል። ቃሉ ያሳሳተውን ሰው ምልክቱ ያድነዋል፤ በጫፉ የቆመ ቀይ አራት ማዕዘን፣ ላዩ ላይ ነበልባል፣ ታችኛው ጥግ ላይ 3 ቁጥር።

የዛሬው ማስታወሻ ስለዚህች «ኢን» ነው። በእንግሊዝኛ «አይ» እና «ኤን» በተባሉት ሁለት ፊደላት የሚጀምሩ ቃላት መዝገበ ቃላት ውስጥ ገጽ በገጽ ተደርድረው ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ነገሩ ግን እንደ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ነው፤ በሩ አንድ ዓይነት፣ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ሌላ ሌላ።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። «አልመጣም» ውስጥ ያለችው «አል» አሉታ ናት፤ «አልጋ» ውስጥ ያለችው የቃሉ አካል ናት። «አይበላም» አለ፣ «አይብ» አለ። አይጥን «ጥ ያልሆነ» ብሎ የሚፈታ ሕፃን አልተወለደም። «ኢ»ንም ብናይ ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-ሰብአዊ፣ ኢ-መደበኛ እንላለን፤ ኢዮብንና ኢትዮጵያን ግን ማንም አይቆርጣቸውም። እንግሊዝኛ ላይ ሲደረስ ነው ይህ ጆሮ የሚደፈነው። ጥፋቱን የማደርገው «ኢን ማለት አይደለም ማለት ነው» በምትለው፣ ተማሪው ደብተር ላይ በቀይ በተሰመረባት አንድ መስመር ላይ ነው፤ እውነትነቷ ግማሽ ብቻ ነውና።

ላቲን ሁለት «ኢን» ነበራት። አንዷ «አይደለም»፣ ሌላዋ «ወደ ውስጥ» ወይም «ላይ»። ድምፃቸው አንድ፣ ሥራቸው ለየቅል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ሳይለይ ወረሰ። ለመለየት ከሞላ ጎደል የሚሠራ ዘዴ አለ፤ የቃሉን ክፍል ማየት። አሉታዋ «ኢን» የምትወደው ቅጽል ነው፤ ኢንቪዚብል (የማይታይ)፣ ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ)፣ ኢንኮሬክት (ትክክል ያልሆነ)። ግስ ላይ የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ የምታስገባዋ ናት፤ ኢንጀክት (መርፌ መውጋት)፣ ኢንቬድ (መውረር)፣ ኢንክሉድ (ማካተት)፣ ኢንሄል (አየር ወደ ውስጥ መሳብ)። ዘዴው የሚከሽፈው ግሱ ራሱ ከአሉታ ቅጽል ሲሠራ ነው። «ኢንቫሊዴት» ማለት ዋጋ ማሳጣት ነው፤ ግስ ቢሆንም መነሻው «ኢንቫሊድ» የሚለው ቅጽል ስለሆነ አሉታው አብሮት ይሄዳል።

አሉታዋ ሁልጊዜ «ኢን» ብላ ላትመጣም ትችላለች። ከ«ፒ»፣ ከ«ቢ» እና ከ«ኤም» በፊት «ኢም» ትሆናለች (ኢምፖሲብል፣ ኢምባላንስ፣ ኢምሞራል)፣ ከ«ኤል» በፊት «ኢል» (ኢሊጋል)፣ ከ«አር» በፊት «ኢር» (ኢሬጉላር)። ይህን እንደ ሕግ መሸምደድ አያስፈልግም። «አንበሳ» ብለን እንጽፋለን፤ ስንናገር ግን «አምበሳ» ነው የምንለው። ለ«በ» ከንፈር ሊገጥም ሲዘጋጅ «ን» ቀድማ ትገጥምና «ም» ትሆናለች። እንግሊዝኛም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ለውጡን በጽሑፍም ማሳየታቸው ነው። ይህ ለውጥ ወደ ውስጥ የምታስገባዋንም ስለሚይዛት ችግሩ አብሮ ይዞራል። ኢሚግሬሽን ሄዶ ፓስፖርት ያወጣ ሁሉ ያቺን «ኢም» ያውቃታል፤ ወደ አገር መግባት ናት። ኢምፖርትም ያው። ኢሪጌሽን፣ ማለትም መስኖ፣ «ኢር» ስላለበት ውኃ መከልከል አይሆንም፤ ውኃን ወደ መሬቱ ማስገባት ነው።

አሁን አንድ ጥግ ብቻ መርጬ ልያዝ። በ«አይ»፣ «ኤን»፣ «ኤፍ» የሚጀምሩት ለዚህ ትምህርት የተሠሩ ይመስላሉ። ጥቂቶቹን መርጠን በፊደል ተራ ስናስቀምጣቸው የመጀመሪያው ኢንፈመስ ነው። «ፌመስ» ዝነኛ ከሆነ ኢንፈመስ የማይታወቅ ይመስላል፤ አይደለም፣ በደንብ ይታወቃል፣ ግን በክፉ። ስመ ጥሩው ሳይሆን ስመ ክፉው ማለት ነው። ቀጥሎ ኢንፋንት፣ ጨቅላ። ላቲኑ «የማይናገር» ነው፤ አፉን ያልፈታ እንደማለት፣ ስለዚህ እዚህ አሉታ አለች፣ ግን ተደብቃለች። ከእሱ ሥር ኢንፋንትሪ፣ እግረኛ ጦር፤ በጣልያንኛ ወጣቱን ከሚጠራበት ቃል በኩል የመጣ የጨቅላው ዘመድ። ኢንፌክት፣ መበከል። ኢንፈር፣ ከተነገረው ተነስቶ ያልተነገረውን መረዳት። ይህን ከ«ኢምፕላይ» ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው፤ ሰም ለበስ አድርጎ የሚናገረው ኢምፕላይ ያደርጋል፣ ወርቁን ፈልቅቆ የሚያገኘው አድማጭ ኢንፈር ያደርጋል። ኢንፌሪየር፣ የበታች። ኢንፊኒት፣ ማለቂያ የሌለው። ኢንፈርም፣ በዕድሜ ወይም በሕመም የደከመ። ኢንፍሌም፣ ማቀጣጠል፤ የቦቴው ቃል እናት እሷ ናት፣ ቆስሎ የቀላና የሚያቃጥል አካል ላይ የሚባለው ኢንፍላሜሽንም ልጇ ነው። ኢንፍሌት፣ መንፋት። ጎማ ሲነፋም ኢንፍሌት ነው፣ የዋጋ ንረቱም ኢንፍሌሽን ነው፤ ሁለቱም ውስጣቸው ነፋስ ገብቷል። ኢንፍሉዌንስ፣ ተጽዕኖ፤ ወደ ውስጥ መፍሰስ። ኢንፎርም፣ ማሳወቅ። መጨረሻ ላይ ኢንፍራስትራክቸር።

ከነዚህ 13 ቃላት አሉታ ያለባቸው ኢንፈመስ፣ ኢንፋንት፣ ኢንፊኒትና ኢንፈርም ናቸው፤ ኢንፋንትሪ በዝምድና ይቆጠርላቸው። ስድስቱ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ኢንፌሪየርና ኢንፍራስትራክቸር ከሁለቱም ወገን አይደሉም፤ መነሻቸው «ታች» የሚል የላቲን ቃል ነው። እዚህ ላይ አማርኛችንን አደነቅሁት። ኢንፍራስትራክቸርን «መሠረተ ልማት» ያለው ሰው ታችነቱን አልዘነጋም።

ይህ ሁሉ የፈተና ወሬ እንዳይመስል መድኃኒት ቤት የሚሰጥ የእንክብል ካርቶን ይከፈት። ውስጡ ደቃቅ ፊደል የታተመበት የታጠፈ ወረቀት አለ። ከላይ «ኢንዲኬሽንስ» ይላል፤ መድኃኒቱ የሚታዘዝባቸው ሕመሞች ናቸው። መነሻው መጠቆም ስለሆነ አሉታ የለበትም። መድኃኒቱ የማይወሰድበትን ሁኔታ የሚዘረዝረው «ኮንትራኢንዲኬሽንስ» የሚለው ነው። ኢንዲኬሽንስን «የተከለከለ» ብሎ ያነበበ ሰው ወረቀቱን ገልብጦ አነበበው ማለት ነው። ዝቅ ብሎ «ኢንአክቲቭ ኢንግሪዲየንትስ» ይመጣል። ሁለት ቃል፣ ሁለቱም በአንድ ፊደላት ይጀምራሉ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው የየራሳቸውን «ኢን» ይዘዋል። የመጀመሪያው አሉታ ነው፣ ሕመሙን የማያክመው። ሁለተኛው ወደ ውስጥ የገባ፣ ማለትም ቅመም። እንክብሉን የሚያያይዘው ስታርች፣ ማጣፈጫው፣ ቀለሙ እዚህ ይጻፋሉ። «ኢንአክቲቭ» መባላቸው ጊዜው ያለፈበት ወይም የተበላሸ አያሰኛቸውም። ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ የማይስማማው ሰው ግን ማንበብ ያለበት ይህችኑ መስመር ነው። የመርፌው ብልቃጥ ላይ ደግሞ «ኢንትራቬነስ» እና «ኢንትራመስኩላር» አሉ፤ «ኢንትራ» ውስጥ ማለት ነው፣ አንዱ በደም ሥር፣ ሌላው በጡንቻ። እነዚህን «ኢን» ላይ መቁረጥ ስህተት ነው፤ መቆረጥ ያለባቸው «ኢንትራ» ላይ ነው። «ኢንተር»ም እንዲሁ ሙሉውን ይቆረጣል፣ መካከል ማለት ነው፤ ኢንተርናሽናል፣ ኢንተርቪው።

ፈተና ላይ በጣም የሚጥለው ኢንቫልዩአብል ይመስለኛል። «ቫልዩአብል» ዋጋ ያለው ነው፣ ስለዚህ ኢንቫልዩአብል ዋጋ ቢስ ነው ተብሎ ይከበባል። እኛ ግን «ዋጋ የማይተመንለት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ከመጠን በላይ ውድ። ቃሉ በትክክል ይኸው ነው፤ አሉታው የሚክደው መተመኑን ነው። ኢንሃቢታብልም ሰው ሊኖርበት የሚችል ነው፤ የማይኖርበት ካስፈለገ አንኢንሃቢታብል ይባላል። ኢንዲፈረንት «ተመሳሳይ» አይደለም፣ ግድ የሌለው ነው። «አን» መቼ፣ «ኢን» መቼ ለሚለው ቀጥ ያለ መልስ የለም። ከላቲን የመጡት ወደ «ኢን» ያደላሉ፣ ነባሮቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ «አን»። ግን ቅጽሉ አንጀስት ሆኖ ስሙ ኢንጀስቲስ ነው። አንኢኳል እና ኢንኢኳሊቲ፣ አንስቴብል እና ኢንስታቢሊቲ፣ አንኤብል እና ኢንአቢሊቲም እንዲሁ። እነዚህን ጥንድ ጥንዱን መያዝ ነው እንጂ ምክንያት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ለእኛ የተለየው ችግር ፊደላችን ነው። በዚህ በዳር ከተማው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ታፔላዎች በአማርኛ ብቻ ያነበበ ሰው «ኢንተርናሽናል» እና «ኢንተርፕራይዝ» በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛው ኢንተርፕራይዝ የሚጀምረው በ«ኢ» (አምስተኛዋ ፊደል) ነው። ኢንጅነርም፣ ኢንተርቴይንመንትም እንዲሁ። ኢንጅነርን በ«አይ» ሥር የሚፈልግ ተማሪ ገጹን ጨርሶ «የለም» ይላል። ድምፁ አንድ የሚመስለው ኢንሹር ደግሞ በ«አይ» ሲጻፍ ኢንሹራንስ መግባት ነው፣ በ«ኢ» ሲጻፍ ማረጋገጥ። ከዚህ ሌላ የልማድ ልዩነት አለ። በግዕዝ መዝገበ ቃላት «መጽሐፍ»ን የሚፈልግ «መ»ን ትቶ ወደ «ጸሐፈ» ነው የሚሄደው፤ መነሻው ተገፎ ሥሩ ይፈለጋል። እንግሊዝኛ የሚደረድረው በውጭ በሚታየው ፊደል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1604 የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሮበርት ካውድሪ እንኳ፣ ቃሉ በ«ሲ» እና «ኤ» ከጀመረ የ«ሲ»ን መጀመሪያ፣ በ«ሲ» እና «ዩ» ከጀመረ ወደ መጨረሻው ተመልከት እያለ ለገዛ ወገኖቹ መምራት ነበረበት። ሥሩን እየፈለገ ላደገ ልጅ ይህ አደራደር መጀመሪያ ላይ ቢያደናግረው አይገርምም።

ለሚያጠና ሰው ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። አራት ገጽ ይከፈትና «አይደለም»፣ «ወደ ውስጥ»፣ «መካከል»፣ «አይቆረጥም» ይባል። በቀን ስምንት ቃል፣ ከዚያ አይበልጥ። መጀመሪያ «ኢን»ን በጣት ሸፍኖ የቀረው ብቻውን ይቆም እንደሆነ ማየት ነው። «ኮሬክት» ይቆማል፤ «ጀክት» አይቆምም። መቆሙ ብቻውን አያስተማምንም፤ «ኢንካም» (ገቢ) ውስጥ «ካም» ይቆማል፣ አሉታ ግን የለም። ስለዚህ የቃሉ ክፍል ይጻፍ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። አብዛኛው ደብተር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ተዘሎ ከቃሉ ፊት ለፊት አንዲት የአማርኛ ቃል ብቻ ትቀመጣለች። «ኢንቫልዩአብል፣ ዋጋ የሌለው» የሚለው ስህተት የሚወለደው ከእንዲህ ያለችው መስመር ነው።

አራተኛው ገጽ ቀስ ብሎ ይሞላል። ኢንች፣ መነሻው የአንድ ነገር አሥራ ሁለተኛ እጅ። ኢንክ፣ ቀለም። ኢሜጅ። በ«አይ» እና «አር» ጀምሮ «አይረን» የሚነበበው ብረት። ኢንዲያ፣ ከወንዙ ስም። «ኢንቫሊድ» ብቻ ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ድምፁ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲጠብቅ የማይሠራ ወረቀት ነው፣ መጀመሪያው ላይ ሲጠብቅ አልጋ የያዘ በሽተኛ።