የ11 ሰዓት ሠራተኞች

ዛሬ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ዓድዋ መታሰቢያ ስወርድ፣ ሥራ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች አጥር ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ የአካፋውን እጀታ በጎማ ቁራጭ ጠፍሮታል። መኪና ቆም ባለ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላሉ።

ማቴዎስ 20 ላይ የወይን አትክልት ባለቤት ከማለዳ ለተቀጠሩትም በ11 ሰዓት ለመጡትም እኩል አንድ ዲናር ይከፍላል። ይህን ምሳሌ ስናነብ ብዙዎቻችን ከማለዳ ቅጥረኞቹ ጋር አብረን እናጉረመርማለን። የ11 ሰዓቶቹ ግን ሰነፎች አልነበሩም፤ «የሚቀጥረን ስለ ታጣ ነው» ነው መልሳቸው። (የእኛም የሰዓት አቆጣጠር እንደዚያው ስለሆነ፣ 11 ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መሆኑን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።) አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። ግማሹን ቢሰጣቸው የልጆቻቸው ረሃብ ግማሽ አይሆንም። ሰባኪዎቻችን ምሳሌውን ዘግይቶ ንስሐ ስለሚገባ ሰው ይተረጉሙታል፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ስለ ደመወዝም የሚሰብክ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ቀጣሪዎች ከፊት ወንበር በሚቀመጡበት ጉባኤ።