ማሩ እስከ ሚያዝያ ይቆያል

ጎንደር የገባነው ጥር 7 ነው። እኔ፣ ባለቤቴና የ9 ወር ልጃችን። ከፍራንክፈርት ስንነሳ ሦስት ሻንጣ ነበረን፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ግን የደረሰው ሁለቱ ብቻ ነው። የቀረው ደግሞ የልጅቷ ምግብ ያለበት! ከመምጣታችን በፊት ሌሊት ቁጭ ብዬ የጋገርኩላት ኩኪስ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ኩኪስ ስል ያው ጣፋጩን አይደለም። ሱቅ ውስጥ የሕፃናት ተብሎ የሚሸጠውን አንድ ቀን ጀርባውን ሳነበው ስኳሩ ሁለተኛ ተራ ላይ ተጽፏል። ሁለተኛ ላይ ያለ ነገር ማለት ደግሞ ከዱቄቱ ቀጥሎ በብዛት የገባው እሱ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴ እጋግራለሁ። ሁለት ዓመት እስኪሞላት ስኳር ባታውቅ ምን ይጎድልባታል?

እናቴ ጭንቀቴን አይታ "ገንፎ አለ፣ አጥሚት አለ፣ ምን ያስጨንቅሻል ልጄ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ገንፎውንም ልጅቷ ጥርግ አድርጋ ነው የበላችው። ግን ጥምቀት ሊደርስ ነው፣ ያን ሁሉ ሰዓት ሕዝብ መሀል ገንፎ ይዞ መቆም አይቻልም። ደግሞ በራሷ እጅ ይዛ መብላት የጀመረችበት ጊዜ ነው።

አጃ ይገኝ እንደሆን ስጠይቃት ዝም ብላ ጓዳ ገባች። ትንሽ ከረጢት ይዛ ወጣች። ለአራስነቴ አጥሚት ብላ የገዛችው አጃ ነው። ቪዛው ሳይሳካላት ሲቀር ሳታስፈጨው አስቀምጣዋለች። "ለሌላ ሰው መስጠት አቃተኝ" አለች። እኔ ምንም መናገር አልቻልኩም። ቆልታው ወፍጮ ቤት ወሰድነው።

የጋገርነው በጋድ፣ በጥምቀት ዋዜማ ጾም ቀን ነው። እኔ እንደለመድኩት እንቁላል ልጨምር ስል እናቴ "በጋድ እንቁላል አታሰብሪኝ፣ ተልባ አለልሽ" አለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ዘፈዘፈች፣ ትንሽ ቆይቶ ልክ እንደ እንቁላል ተዝለገለገ። ልጣጩ የጠቆረ፣ በደንብ የበሰለ ሁለት ሙዝ በሹካ አደቀቅኩ፣ አንድ ኩባያ ተኩል የአጃ ዱቄትና ቁንጥር ቀረፋ ጨመርኩ፣ በቃ። ጨው የለ፣ ስኳር የለ። አጃው ውሃውን እንዲጠጣ አሥር ደቂቃ ተውነው። ከዚያ በጣት ልክ ድብልብል አደረግነው፣ ትንሽ እጇ ጨብጣው ጫፉ ብቅ እንዲልላት።

ልክ እዚህ ላይ ነው እናቴ የማሩን ጣሳ ይዛ የመጣችው። "እንዴት ያለ ማር ሳልጨምርላት!"

አይሆንም ማለት እንዴት እንደከበደኝ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፣ ውስጡ የአንድ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፣ እኛን አይጎዳም፣ የሕፃን አንጀት ግን ገና አይችለውም፣ ቢጋገርም ዘሩ አይሞትም ብዬ አስረዳኋት። "አንቺን በምን ያሳደግኩሽ ይመስልሻል?" አለችኝ። ፊቷ ጥቁር አለ። ቆይታ ግን "እንግዲህ እናቷ አንቺ ነሽ" ብላ ጣሳውን ወደ ጓዳ መለሰችው። በዚያች ሰዓት ማሩን የከለከልኩት ለልጄ ሳይሆን ለእሷ መሰለኝ።

ቤት ውስጥ ኦቭን የለም። እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ኮባ ዘረጋች፣ እንደ ድፎ ዳቦ፣ አክንባሎውን ደፋችበት። የመጀመሪያው ዙር ደረቀ። ለእኛ ለቡና ቁርስ አሪፍ ነበር፣ ለሁለት ጥርስ ግን አይሆንም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እርጥበት ቶሎ ይተናል፣ ምጣዱ ደግሞ በጣም ግሎ ነበር። ለሁለተኛው ዙር እናቴ ምጣዱን አጠፋችና በተረፈው ሙቀት ብቻ አበሰለችው፣ አንዴ ገለበጠችው። ምላሴና ላንቃዬ መሀል ስጫነው ሟሟ። እንዲህ ነው የምፈልገው! እናቴም አንዱን አንስታ "የጾም ነው አይደል?" ብላ ቀመሰች።

ጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ስንወርድ ልጅቷ አባቷ እቅፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ኩኪሱን እየጠባች እየነከሰች ነበር። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከአፏ ሳልነቅል፣ ምክንያቱም የቱንም ያህል ቢለሰልስ ሕፃን ሲበላ አጠገቡ መሆን ነው።

በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጡ። አንዷ እናት ልጅቷን አቅፈው ሲያጫውቱ ዳቦ የምናጠቅስበት ማር ውስጥ ጣታቸውን ነከር አድርገው ወደ አፏ ወሰዱት። እኔ ከመነሳቴ በፊት እናቴ ክንዳቸውን ያዘች። "ተይ! ተይ! ዓመቷ አልሞላም!" ከዚያ እኔ የነገርኳትን ሁሉ፣ ባክቴሪያውን ሳይቀር፣ ለጎረቤቶቿ ስታስረዳ ሲኒዬን ይዤ ዝም ብዬ ሰማኋት።

ስንመለስ አንድ ማሰሮ ማር በፌስታልና በፕላስተር ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች። ላዩ ላይ በእጇ ጽፋበታለች፦ "እስከ ሚያዝያ እንዳይከፈት።" የልጅቷ ልደት ነው።

አሁን በየቪዲዮ ጥሪው መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው።

"ከፈትሽው እንዴ?"

"ገና ነው እማዬ።"

"እንዳትከፍቺው።"