ከንፈርና ደብተር

ደብተሩ ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ላይ ቡና ፈሶበታል። የመጀመሪያው ገጽ «ሰባት ሰው፣ 700 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ 100» ይላል። ከሥሩ በሌላ ቀለም «የተቀበልኩት 400» ተብሎ ተጽፏል።

ይህ በ1990 ዓ.ም. ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ሲመረቅ የተጫወትንበት ምሽት ነው። ባለቤቱ፣ ስሙ ይቅር፣ ሰው እንዳሰበው እንዳልመጣለት ነገረኝና አራት መቶ ቆጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠ። ስድስቱ ሙዚቀኞች በጓሮ በር መሣሪያቸውን እያሸጉ ይጠብቁኛል። መኪናዬ ውስጥ ከማታው የፓርኪንግ ሥራዬ ያገኘሁት የሁለት ሳምንት ደመወዝ በፖስታ ነበረ። ከዚያ ላይ 200 ጨመርኩና ለስድስቱም መቶ መቶ ዶላር አደልኩ። ለራሴ ባዶ እጄን ገባሁ። ባለቤቴ ያን ሌሊት ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ከስድስቱ አራቱ ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስደውልላቸው «ስንት ነው የምትከፍለው?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ «የት? በስንት ሰዓት?» ብቻ ነው የሚሉት።

ሰው እንዴት የድሮውን የኒው ኦርሊየንስ ጃዝ የሚጫወት ባንድ መሪ እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ ስለ ትራምፔት እንዳወራለት ይጠብቃል። ስለሱም አወራለሁ፤ ግን ከደብተሩ የጀመርኩት አውቄ ነው።

ትራምፔት የያዝኩት በ1967 ዓ.ም. በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ አዲስ አበባ፣ በወታደር ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው። አስተማሪያችን ሃምሳ አለቃ ነበር። እሱን ያስተማሩት ሰዎች ደግሞ ከአርመኖቹ እጅ የተማሩ ነበሩ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ማለቴ ነው፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ኋላ የጃዙን ትራምፔተኛ የሉዊስ አርምስትሮንግን ታሪክ ስሰማ እሱም ኮርኔት፣ ትራምፔት መሰሉን አጠር ያለ መሣሪያ፣ መንፋት የተማረው አሜሪካ፣ ኒው ኦርሊየንስ ውስጥ በአንድ የልጆች ማረሚያ ቤት መሆኑን አወቅሁ። ነሐስ አሳዳጊ ያጣ ልጅ ይወዳል መሰለኝ።

ሃምሳ አለቃው ያስተማረኝን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። ትራምፔቱን በጣት ማቀፍ የለም፤ በተዘረጋ መዳፍ ላይ አጋድሞ መንፋት ነው። ከንፈርህን ከተጫንከው ትራምፔቱ ተንሸራቶ ይሸሻል። ድምፁ የሚመጣው ከትንፋሽ ነው እንጂ ከክንድ አይደለም ማለቱ ነው። ንጋት ላይ ዝቅ ያለች አንዲት ኖታ ይዘን እስክትንቀጠቀጥ፣ ከዚያ ደግሞ መንቀጥቀጧን እስክትተው እንነፋለን። ለፒስተኑ፣ በጣት ለምንጫነው ቁልፍ፣ ቅባት ስናጣ ነጭ ጋዝ ጠብ እናደርግበታለን፤ ሽታው ምሳ ላይ እንጀራው ውስጥ ሳይቀር ይመጣል። «አንተ ልጅ፣» ይለኝ ነበር፣ «ጉንጭህን እንደ ወናፍ አትንፋው! አንጥረኛ ነህ እንዴ?»

ከማርሽ ባንዱ ወጥቼ ሆቴል ቤት ስገባ ይህን ሁሉ ረሳሁት። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነው። ሰው ከገባ በሩ ይቆለፍና እስኪነጋ ይጨፈራል፣ እኛም እስኪነጋ እንጫወታለን። ስምንት ሰዓት ሙሉ የሚነፋ ከንፈር የለም፤ ሲደክምህ መጫን ትጀምራለህ። ያን ጊዜ ጉልበት መስሎኝ የለመድኩት መጫን ከአርባ ዓመት በኋላ ዕዳውን አስከፍሎኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኪቦርድ መጣና አራት ነፊ የሚበላበትን ገበታ አንድ ሰው ብቻውን ይበላው ጀመር። በ1980 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ዞሬ ዋሽንግተን ገባሁ።

ዋሽንግተን የጃዝ ባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን በ1899 እ.ኤ.አ. የተወለደባት ከተማ ናት። ልጅነቱን ባሳለፈበት በዩ ጎዳና ሰፈር፣ ዘጠነኛው መንገድ ላይ፣ ኋላ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት በምግብ ቤት ላይ ከፈቱ። ሃምሳ አለቃው በ1966 ዓ.ም. ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ ሽልማት መቀበሉን እንደ ተረት ያወራልን ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰፈር ሳልፍ መኪና አቁሜ ቁልፍ ተቀብዬ ነው የማልፈው። ከወዳደቁ ዕቃዎች መሸጫ በ90 ዶላር የገዛሁት ትራምፔት ሦስተኛው ፒስተኑ ይይዛል። ለአምስት ዓመት ያህል እሑድ እሑድ ብቻ ከሣጥኑ አወጣው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ1987 ዓ.ም. ለጓደኛዬ ሠርግ ኒው ኦርሊየንስ ስሄድ ነው። ሴንት ፒተር መንገድ ላይ ፕሪዘርቬሽን ሆል የሚባል ቤት አለ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የጃዝ ቤት። ማይክ የለም፣ መጠጥ የለም፤ ሕዝቡ አግዳሚ ላይና ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው። ሙዚቀኞቹ የኔን አባት የሚያክሉ ሰዎች ናቸው። ትራምፔቱ ዜማውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ይሄዳል፣ ክላርኔቱ ከላይ ይጠማዘዝበታል፣ ትሮምቦኑ ከታች ይመልስለታል። ሦስቱም አንድ ላይ ይናገራሉ፤ ግን ማንም የማንንም አፍ አይዘጋም። የማርሽ ባንድ ልጅ ስለሆንኩ ቱባውንና ድራሙን ስሰማ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ቀብር አየሁ። ወደ መቃብር ሲሄዱ የድራሙ ሽቦ ላልቶ፣ ድምፁ ታፍኖ፣ መዝሙሩ እግር እየጎተተ ነው። አስከሬኑን ከሸኙ በኋላ ሽቦው ይጠብቃል፣ ድራመኛው ይመታል፣ ትራምፔቱ ይጣራል፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ጃንጥላ ዘርግቶ ይጨፍራል። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ጭፈራውን ትቼ ትራምፔቱን ስከተለው ግን ሥራው ገባኝ፤ ሰውየው ሙሾ አውራጅ ነበር። እኛም አገር ሙሾ የምታወርደው ሴት ስንኙን አጭርና ግልጽ አድርጋ ትጥላለች፣ ለቀስተኛው ተቀብሎ ያለቅሳል። እሷ ብታበዛው ተቀባይ አይኖራትም።

ይህን በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ በከንፈሬ ለመማር ሌላ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ባንዱን ስመሠርት ያገኘሁት ክላርኔት ነፊ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበር። በመጀመሪያው ልምምድ የሆቴል ቤት ልምዴን በሙሉ አሳየሁት፤ ከፍ፣ ፈጠን፣ ጥቅልል። ክላርኔቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዝም አለ። «ምነው?» ብለው «ዜማው የት ሄደ? እሱን ካልያዝክልኝ እኔ ምን ላይ ልውጣ?» አለኝ። ቤቴ ስገባ ሸማኔው አጎቴ ትዝ አለኝ። ድር ሳይዘረጋ ማግ አይወረወርም። በዚህ ሙዚቃ ትራምፔት ድር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያውን ዙር ዜማውን እንዳለ ነው የምነፋው፤ ሕፃን እንኳ አብሮኝ ሊያንጎራጉር በሚችልበት መልክ። ጓደኞቼ «አረጀህ» አሉኝ። ጥሪው ግን የበዛልን ያኔ ነው።

ስለ መሪነት ከማንም በላይ ያስተማረኝ በመጽሐፍና በሸክላ የማውቀው ኪንግ ኦሊቨር ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የታወቀ የኮርኔት መሪ ሆኖ ሳለ፣ ከሱ የሚበልጠውን ወጣት ከኒው ኦርሊየንስ አስጠርቶ ሁለተኛ ኮርኔት አድርጎ አጠገቡ አቆመው። ወጣቱ አርምስትሮንግ ነበር። በ1923 ሸክላ ሲቀዱ የአርምስትሮንግ ድምፅ ሌላውን ስለዋጠው ራቅ አድርገው አቁመውታል ይባላል። ይህን ማድረግ የሚችል መሪ ጥቂት ነው፤ እኔ ለብዙ ዓመት አልቻልኩም። ጎበዝ ትራምፔት ሲመጣ «ቦታ የለም» እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ያው ኦሊቨር ደግሞ የማይደረገውንም አስተምሮኛል። በ1927 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ኮተን ክለብ በሚባል የምሽት ክበብ እንዲጫወት ተጋብዞ ክፍያው አነሰኝ ብሎ እምቢ አለ። ሥራውን የወሰደው ኤሊንግተን ነው፤ በሬዲዮ ከዚያ ቤት እየተሰማ አገር አወቀው። ኦሊቨር ድዱ ታሞ ጥርሱ ረግፎ፣ መንፋት አቅቶት፣ ሳቫና ከተማ አንድ የፑል ቤት ሲጠርግ ኖሮ በ1938 ሞተ። እኔም በሳምንት አንድ ቀን የሚያጫውተን ቤት አግኝቼ ለ50 ዶላር ልዩነት ተከራክሬ ትቼዋለሁ። ሌላ ባንድ ገባና አራት ዓመት ቆየበት። ደብተሩ ላይ በቀይ «50 ዶላር» ብዬ ጽፌዋለሁ። አሁን ዋጋ ስነጋገር መጀመሪያ ያቺን ገጽ እገልጣለሁ። ለአንድ ምሽት ጠንካራ ነኝ፤ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ሳልቀበል ቀኑን አልይዝም። በየሳምንቱ ለሚደጋገም ሥራ ግን ዝቅ እላለሁ፤ ባንድ በልምምድ ብቻ ባንድ አይሆንም።

ለእኛው ሰው መጫወት ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አጎት ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ይሄ የለቅሶ ነው የሠርግ?» አለኝ። «የሁለቱም ነው፣ ጋሼ» ብዬው ሳይዋጥለት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለሐበሻ ዝግጅት ትዝታን አስገባሁ። የሙሉ ትዝታ አምስቱ ድምፆች ከነዚህ የቆዩ ዜማዎች ጋር ያለ ጠብ ይስማማሉ። የአንቺሆዬን ቅኝት ስሞክር ግን ባንጆው የሚመታው ኮርድ ሁሉ ከዜማው ጋር ተጣላ፤ በጭቅጭቃ ምት ደግሞ ድራመኛችን እንደ ሰከረ በቅሎ ሆነ። ሁለቱንም ተውኳቸው። ሁሉን ነገር ማዋሐድ ግዴታ አይደለም።

እዚያው ሠርግ ላይ ነው አንድ ጎልማሳ እስክስታውን እየወረደ መጥቶ ባለ 20 ዶላር ኖት ክላርኔት ነፊው ላብ ያቸፈቸፈው ግንባር ላይ የለጠፈለት። ሽማግሌው መንፋቱን አቁሞ «ምን አጠፋሁ?» በሚል ዓይን አየኝ። ሽልማት መሆኑን በእረፍት ላይ ነገርኩት። በሚቀጥለው ዘፈን ትሮምቦን ነፊው ኮፍያውን አውልቆ፣ ግንባሩን አዘጋጅቶ ቆመ። የተለጠፈው ሁሉ ግን የማን ነው? ጠብ ከመምጣቱ በፊት ትራምፔት ሣጥኔን ከፍቼ መሐል አስቀመጥኩ፤ ግንባር የማንም ይሁን ገንዘቡ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ለሰባት ይከፈላል። እኔም እንደ አንዱ አንድ ድርሻ ነው የምወስደው።

በ2010 ዓ.ም. የፊት ጥርሴ ተነቀለ። ለዓመታት ስጫነው የኖርኩት ጥርስ ነው፤ የሆቴል ቤቱ ዕዳ ያልኩት ይህን ነው። ሰው ሠራሹ ገብቶ ድዱ እስኪድን ስምንት ወር አልነፋሁም። ቀን ይዘናል፣ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለናል። ያኔ ነው ከዓመት በፊት «ቦታ የለም» ብዬ የመለስኩትን ልጅ የደወልኩለት። የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው፤ ቂም አልያዘም፣ ወይም አላሳየኝም። እኔ ባዶ እጄን ፊት ቆሜ ዜማ እጠራለሁ፣ መግቢያና መውጫ በጣት አሳያለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባንዴን ከትራምፔቴ ጀርባ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ሰማሁት። ትሮምቦኑ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ እንደሚቸኩል ሃያ ዓመት ሙሉ አላወቅኩም ነበር።

ሲሻለኝ ወደ መዳፌ ተመለስኩ፤ ትራምፔቱን አጋድሞ፣ ዝቅ ያለች አንዲት ኖታ፣ ማለዳ ማለዳ። ሃያ ደቂቃ ከነፋሁ ሃያ ደቂቃ አርፋለሁ። ከፍ ያለውን ነገር ሁሉ ለልጁ ትቼለታለሁ። አሁን ሁለት ትራምፔት ያለው ባንድ ነን፤ ስምንት ሰው፣ ስለዚህ የእያንዳንዱ ድርሻ ቀንሷል። አንድም ሰው አላጉረመረመም።

ባለፈው ቅዳሜ ከመጀመራችን በፊት ፖስታዎቹን እንደ ልማዴ አስቀድሜ አደልኩ፣ ደብተሩን ኪሴ ከተትኩ። ዝርዝር ላይ የሌለ ዜማ ጠራሁ። ልጁ ዞር ብሎ በዓይኑ «በምን ኪይ?» አለኝ፤ ዜማው በየትኛው ድምፅ ላይ ይቁም ማለቱ ነው። በዚህ ሥራ ጣት ወደ ታች ፍላት፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ኖታ፣ ማለት ነው፤ የጣቱ ብዛት የኪዩን ፍላቶች ብዛት ይናገራል። ሁለት ጣቴን ወደ ታች አሳየሁት፣ ቢ ፍላት፣ እሱም ራሱን ነቀነቀና ዜማውን ቀጥ አድርጎ ጀመረው።